የድመቶቹ ሠዓሊ ሉዊስ ዌን

በአገራችን ድመት የምትወደደው አይጥ ስለምትይዝ ነው፤ በተረትም ስሟ ሲነሣ መንኵሳ እንኳ ዓመሏን ያልረሳች ተብላ ትታማለች እንጂ መልኳን በወረቀት ላይ ለማስቀመጥ የሚደክም ሰው ብዙ አይገኝም። እኛም በተማሪነታችን ጊዜ የደብተራችንን ጠርዝ በድመት ሥዕል ስንሞላ ከአስተማሪ ቍጣ በቀር ያተረፍነው ነገር አልነበረም። ነገር ግን እንደ ጨዋታ በሚቈጠረው በዚህ ሥራ ስሙን ያስጠራ፣ ኋላም ብዙ መከራ ያየ አንድ እንግሊዛዊ ስለ ነበረ፣ ታሪኩን ባጭሩ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን።

ሉዊስ ዌን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1860 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ ተወለደ። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዘመኖች ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።) አባቱ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ፣ እናቱም የፈረንሳይ ዘር ነበረች። አምስት እኅቶች ሲኖሩት ወንድ ልጅ እርሱ ብቻ ነበር። የሥዕል ትምህርቱን ፈጽሞ በተማረበት ትምህርት ቤት ጥቂት ጊዜ አስተማረ። በ1880 አባቱ ስለ ሞተ፣ ገና የሃያ ዓመት ወጣት ሳለ እናቱንና አምስት እኅቶቹን የማስተዳደር ሸክም በጫንቃው ላይ ወደቀ። ስለዚህ ማስተማሩን ትቶ ለጋዜጦች የከብት ትርኢቶችንና የገጠር ቤቶችን እየሣለ እንጀራውን ይፈልግ ጀመር።

በ1884 የእኅቶቹ አስተማሪ የነበረችውን ኤሚሊ ሪቻርድሰንን አገባ። በዕድሜ ዐሥር ዓመት ያህል ትበልጠው ስለ ነበረ ጋብቻው ቤተ ዘመዱን ደስ አላሰኘም። ሁለቱ ግን ተዋደው በሐምፕስቴድ ሰፈር ጎጆ ወጡ። ደስታቸው ሳይሰነብት ኤሚሊ በጡት ነቀርሳ ታማ አልጋ ያዘች።

በቤታቸው ውስጥ ፒተር ብለው የሚጠሩት፣ ጌታ ስላልነበረው አንሥተው ያሳደጉት፣ ጥቁርና ነጭ ድመት ነበረ። ፒተር ከታማሚዋ አልጋ አይለይም ነበር። ባልም ከአጠገቧ ተቀምጦ፣ ሚስቱን ለማጫወት ሲል፣ ያንን ድመት ደጋግሞ ይሥል ጀመር።

ድመትን በእርሳስ መሣል ቀላል የሚመስለው ላልሞከረው ሰው ነው። ሰው ዝም ብለህ ተቀመጥ ቢሉት ይቀመጣል፤ ድመት ግን ትእዛዝ አትቀበልም። ስትተኛ ጠብቆ ቅርጿን በቀጭን መስመር መንደፍ፣ ስትነቃም ዓይኗን ፈጥኖ መያዝ ያስፈልጋል። ጠጕሩ ባደገበት አቅጣጫ እርሳሱን ካልመሩት ድመቲቱ የእንጨት ቅርጽ ትመስላለች። እንደ ፒተር ጥቁርና ነጭ ለሆነው ደግሞ፣ ነጩ የሚገኘው ቀለም በመቀባት ሳይሆን ወረቀቱን ሳይነኩ በመተው ነው። የዓይኑን ቢጫ ወይም አረንጓዴ በባለቀለም እርሳስ የሚጨምሩትም መጨረሻ ላይ ነው። ይህን ሁሉ ለመማር አንድን ድመት ለብዙ ቀን ማየት ግድ ነው፤ ሉዊስ ዌንም ይህን ትምህርት ያገኘው በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ነው።

ኤሚሊ ሥዕሎቹን ለጋዜጣ እንዲያሳይ ትገፋፋው ነበር። በ1886 የገና በዓል ኢላስትሬትድ ለንደን ኒውስ የተባለው ጋዜጣ፣ 150 የሚያህሉ ድመቶች በዓል ሲያከብሩ የሚያሳየውን ሥዕሉን በዐሥራ አንድ ክፍል አወጣለት። ስሙም ወዲያው ታወቀ። ኤሚሊ ግን በ1887 መጀመሪያ ላይ ዐረፈች።

ከዚያ በኋላ የዌን ድመቶች ልብስ ለብሰው፣ በሁለት እግራቸው ቆመው፣ ሻይ ሲጠጡና ካርታ ሲጫወቱ በመጻሕፍትና በፖስታ ካርዶች ላይ በየቤቱ ገቡ። የእንግሊዝ የድመት ወዳጆች ማኅበርም ፕሬዚዳንት አደረገው።

ሆኖም ሠዓሊው የገንዘብ ነገር አያውቅም ነበር። ሥዕሉን ሲሸጥ መብቱን ለራሱ ሳያስቀር ጠቅልሎ ይሸጠው ስለ ነበረ፣ አሳታሚው አንዱን ሥዕል ደጋግሞ ሲያትም ለእርሱ የሚደርሰው ምንም አልነበረም። በ1907 ወደ ኒውዮርክ ሄዶ ለጋዜጦች ቢሠራም ሀብት ይዞ አልተመለሰም። የ1914ቱ ጦርነት ሲነሣ ገበያው ይልቁን ቀዘቀዘ። አእምሮውም እየታወከ ሄዶ በ1924 በድኾች ክፍል ከእብዶች ሆስፒታል ገባ። በማግሥቱ ዓመት ማንነቱ ሲታወቅ፣ ደራሲው ኤች. ጂ. ዌልስና ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ራምዜ ማክዶናልድ ከረዱት ሰዎች መካከል ሆነው፣ ገንዘብ ተዋጥቶ ወደ ተሻለ ሆስፒታል ተዛወረ። በ1930 ናፕስበሪ ወደሚባለው፣ አትክልትና ድመቶች ወዳሉበት ሆስፒታል ተወስዶ፣ በ1939 እስኪሞት ድረስ በዚያ ሆኖ ሣለ።

ከሞተ በኋላ ዋልተር ማክሌይ የተባለ የአእምሮ ሐኪም አንዳንድ ሥዕሎቹን ሰብስቦ በተርታ ደረደራቸው። ከፊት እውነተኛ ድመት፣ ከኋላም በጌጥ የተዋጠና መልኩ የጠፋ ድመት አድርጎ፣ ይህ የአእምሮ መፍረስ ደረጃ ነው ብሎ አሳየ። ድርድሩም በብዙ የትምህርት መጽሐፍ ገባ። ነገር ግን በሥዕሎቹ ላይ ቀን አልተጻፈም ነበር፤ በኋላ የተመራመሩ ሰዎችም ዌን በሆስፒታል ሳለ እንደ ዱሮው ያሉ ድመቶችን ጭምር ይሥል እንደ ነበረ አስረድተዋል። ቅደም ተከተሉ የሐኪሙ ነበር እንጂ የሠዓሊው አልነበረም።

በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ የምናገላብጥ ወጣቶች ከዚህ ሕይወት ሁለት ነገር ልንማር ይገባናል ብለን እናምናለን። አንደኛው፣ በድካማችን ያፈራነውን ሥራ በፊርማችን ከማስረከባችን በፊት ውሉን ማንበብ ነው። ሁለተኛውም፣ ቀን በሌለው ወረቀት በሰው ላይ አለመፍረድ ነው። ስለ ፒተር ግን የምንጨምረው ይህ ብቻ ነው፤ ከእመቤቱ በኋላ ዐሥራ አንድ ዓመት ያህል ኖሮ በ1898 ሞተ፤ ሉዊስ ዌንም ድመት መሣሉን አልተወም።