ጄኔራል ጆን ሌጁን እና የኩሌብራው ልምምድ

ሌጁን በ1867 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በአሜሪካ በሉዊዚያና ተወለዱ። በ1918 በፈረንሳይ ምድር ክፍለ ጦር መሩ፤ ከ1920 እስከ 1929 የማሪን ጦር ዋና አዛዥ ነበሩ።

በ1915 የእንግሊዝና የፈረንሳይ ጦር በጋሊፖሊ ድል ከሆነ ወዲህ፣ ጠላት ባለበት ዳርቻ ከባሕር መውረድ አይሞከርም የሚሉ የጦር ሊቃውንት ብዙ ነበሩ። ሌጁን ግን ጦራቸውን ለዚሁ ሥራ አዘጋጁት።

በ1924 ፖርቶ ሪኮ አጠገብ ባለችው በኩሌብራ ደሴት ትልቅ ልምምድ ተደረገ። ጀልባዎቹ አልበቁም፣ ለሥራውም አይመቹም ነበር፤ ነጂዎቹ ከታዘዘው ዳርቻ በታዘዘው ሰዓት አልደረሱም፤ የዕቃው ማራገፍ ተመሰቃቀለ። እኛ ግን ከሁሉ የጠቀመው ይህ ውድቀት ይመስለናል፤ ጉድለቱ ያለ ጥይት ታውቋልና። በ1925 በሐዋይ ደግሞ ተለማመዱ።

በነሐሴ 1942 የማሪን ጦር በጓዳልካናል ደሴት ወረደ። ጄኔራሉም ይህን ሰምተው ከሦስት ወር በኋላ ዐረፉ።