ለሐኪም ብቻ የተነገረ



በዛሬው ጁሙዐ ሐኪሙን አቡበክር አር-ራዚን እናስታውስ። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ለዛሬዋ ቴህራን ቅርብ በሆነችው በረይ ከተማ ተወለደ። በረይና በባግዳድ ሆስፒታሎችን መርቷል። ፈንጣጣና ኩፍኝ በምን እንደሚለያዩ ጽፏል፤ ሐኪም በአቅራቢያቸው ለሌላቸው ሰዎችም መጽሐፍ አዘጋጅቷል። በፍልስፍናው ዑለማዎች ተችተውታል፤ በሕክምናው ግን ምሥራቁም ምዕራቡም ለዘመናት ከእሱ ተምሯል። በመጨረሻም ዓይኑ ታውሮ፣ እ.ኤ.አ. በ925 አካባቢ ሞተ።

ስለ ሐኪም ሥነ ምግባር ለአንድ ተማሪው በጻፈው መልእክት፣ ድሃውን እንደ ሀብታሙ እንዲያክምና የበሽተኛውን ሚስጥር እንዲጠብቅ መክሮታል። ሰው ከእናትና ከአባቱ የደበቀውን ሕመም ለሐኪም የሚገልጠው ግድ ሆኖበት ነውና።

ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ጤና ጣቢያ የምትሠሩ ሁሉ፣ ይህ የየቀኑ ፈተናችሁ ነው። ሁሉም ሰው በሚተዋወቅበት ሰፈር፣ ለአካለ መጠን የደረሰች የጎረቤት ልጅ ለምርመራ መጣች እንበል። ማታ ቡና ላይ እናቷ፣ ልጄ እናንተ ጋ መጥታ ነበር ወይ ብላ ትጠይቃለች። ውጤቱ ቀርቶ መምጣቷን መናገር እንኳ ሚስጥር ማውጣት ነው። እናትን በአክብሮት፣ ከራሷ ከልጅዎ ይስሙ በሏት፤ ልጅቷ አልመጣችም ብትሆንም መልሳችሁ ያው ይሁን። ያኔ ከመልሳችሁ ምንም አይገመትም።

የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 399 የሙያ ሚስጥር የሚያወጣን ይቀጣል። ቡናው ላይ ፖሊስ የለም፤ አላህ ግን ይሰማል። የተነገራችሁ ነገር አማና ነው።

ጁሙዐ ሙባረክ!