ኤድዋርድ በንቲንግ፤ የአየርላንድን በገና በወረቀት ላይ ያሰፈረው ሰው

ከጁላይ 11 እስከ 14 ቀን 1792 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በሰሜን አየርላንድ በምትገኘው በቤልፋስት ከተማ አሥር የአየርላንድና አንድ የዌልስ በገና ደርዳሪዎች ለውድድር ተሰብስበው ነበር። አብዛኞቹ ዓይነ ስውራን ሲሆኑ፣ ከመምህር በጆሮ የተቀበሉትን ዜማ በጆሮ ከማስተላለፍ በቀር በጽሑፍ ያኖሩት አልነበረም። ሙያው በመጥፋት ላይ ስለ ነበረ፣ አዘጋጆቹ ዜማዎቹን እንዲመዘግብ አንድ የ19 ዓመት ወጣት ኦርጋን ተጫዋች ቀጠሩ። ይህ ወጣት ኤድዋርድ በንቲንግ ነበር። (መሣሪያውን በገና እንበለው እንጂ ከእኛው ባለ ዐሥር አውታር በገና በአሠራሩ ይለያል፤ ሠላሳ ያህል የናስ ሽቦ አውታሮች አሉት።)

በንቲንግ በ1773 በአርማ ከተማ ተወለደ። አባቱ ለድንጋይ ከሰል ሥራ ከእንግሊዝ አገር የመጣ የማዕድን መሐንዲስ፣ እናቱ አየርላንዳዊት ነበረች። በ11 ዓመቱ ቤልፋስት ገብቶ የቅድስት ሐና ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ተጫዋች ለነበረው ለዊልያም ዌር ረዳት ሆነ።

ከውድድሩ ተሳታፊዎች ሁሉ በንቲንግን የማረኩት የ97 ዓመቱ አዛውንት ዴኒስ ሄምፕሰን ነበሩ። በጥንቱ ሥርዓት አውታሩን በረጅም ጥፍር የሚመቱ እርሳቸው ብቻ ነበሩ። የናስ ሽቦ አንዴ ከተመታ ድምፁ ለረጅም ጊዜ አይጠፋም፤ ስለዚህ ደርዳሪው አንዱን አውታር እየመታ ሌላውን በጣቱ ማፈን አለበት። የትኛው አውታር መቼ እንደሚታፈን ካልታወቀ ዜማው ይደበላለቃል። ባለ አምስት መስመሩ የሙዚቃ ጽሕፈት ግን የድምፁን ከፍታና ርዝመት እንጂ የጣቱን ሥራ አይናገርም።

በንቲንግ በደርዳሪዎቹ ፊት ተቀምጦ የጻፋቸው ወረቀቶች በጥድፊያ የተነጠቡ፣ ብዙ ጊዜ ጭራ እንኳ የሌላቸው ነጥቦች ናቸው። በ1796 ያሳተመው የ66 ዜማዎች መጽሐፍ ግን ለፒያኖ የተዘጋጀ ነበር፤ ቅኝቱን ለወጠ፣ በገናው የማያውቀውን አጃቢ ድምፅ ጨመረ። የቆመ ሕንፃን እንዳለ ለክቶ መንደፍና ሊሆን ይገባዋል ብሎ መንደፍ የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን የሙያ ባልደረቦቼ ያውቁታል። በእኔ አስተያየት በንቲንግ የመጀመሪያውን በሚገባ ሠርቶ ለሕዝብ ያቀረበው ግን ሁለተኛውን ነው። እርግጥ መጽሐፉን የሚገዛው ፒያኖ ያለው ሀብታም ቤት እንጂ በገና ደርዳሪው አልነበረም።

ያም ሆኖ ጥቅሙ ለሌላ ሄደ። ገጣሚው ቶማስ ሙር ከ1808 ጀምሮ ብዙዎቹን ዜማዎች ለእንግሊዝኛ ግጥሞቹ አዋላቸው፤ ዝናውንም አተረፈ። በንቲንግ ይህን ቅር እንዳለው ኖረ። በ1802 የአየርላንድኛ ግጥሞችን እንዲሰበስብ ፓትሪክ ሊንች የተባለ መምህር ወደ ኮናክት ልኮ ነበር። በማግስቱ ዓመት ሊንች በንቲንግን ለብዙ ዓመታት ያስጠጋው የማክራከን ቤተሰብ ወዳጅ በሆነው በቶማስ ረስል ላይ በፍርድ ቤት መሰከረ፤ ረስልም ተሰቀለ። የ1809ኙ ሁለተኛ መጽሐፍ ያለ አየርላንድኛው ግጥም ወጣ።

በ1819 አግብቶ ወደ ደብሊን ተዛወረ። በ1840 በወጣው ሦስተኛው መጽሐፍ ደርዳሪዎቹ ለአውታሮቻቸውና ለጣቶቻቸው አመታት የሚሰጧቸውን የአየርላንድኛ ስሞች ከነአፈጻጸማቸው አሰፈረ። ሄምፕሰን ግን ከሞቱ 33 ዓመት አልፏቸው ነበር። በንቲንግም ዲሴምበር 21 ቀን 1843 ዐረፈ።

የጥድፊያ ወረቀቶቹ በቤተሰቡ እጅ ቆይተው በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሻርሎት ሚሊጋን ፎክስ አገኘቻቸው፤ አሁን በቤልፋስት ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። በናስ አውታር የሚደረድሩ የዛሬ ተጫዋቾች የታተመውን የፒያኖ ገጽ ትተው የሚመረምሩት እነዚያን ጭራ የሌላቸውን ነጥቦች ነው።