አልቤር ካልሜት

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የሳንባ ነቀርሳ በአውሮፓ ከተሞች እጅግ ብዙ ሕዝብ ይፈጅ ነበር። ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ እ.ኤ.አ. በ1882 የበሽታውን ባክቴሪያ ለይቶ ቢያሳውቅም፣ መከላከያውም ሆነ ፈዋሽ መድኃኒቱ ገና አልተገኘም ነበር። መከላከያውን በመሻት ብዙ ዘመን ከደከሙት ሰዎች አንዱ ፈረንሳዊው አልቤር ካልሜት ነው።

ካልሜት በ1863 በደቡብ ፈረንሳይ በኒስ ከተማ ተወለደ። የሕክምና ትምህርቱን ፈጽሞ የባሕር ኃይል ሐኪም ሆነ። በ1891 ወደ ሳይጎን ተልኮ የፓስተር ኢንስቲትዩትን ቅርንጫፍ አቋቋመ፤ ስለ እባብ መርዝ ማርከሻም ምርምር አደረገ። በ1895 ደግሞ በሰሜን ፈረንሳይ የሊል ፓስተር ኢንስቲትዩት ዲሬክተር ሆነ።

ሊል የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የበዛባት ከተማ ነበረች። ሠራተኞቹ በጠባብ ቤት ተጨናንቀው ይኖሩ ስለ ነበር፣ ነቀርሳው ከአንዱ ወደ ሌላው በቀላሉ ይተላለፍ ነበር። ካልሜት ይህን ተመልክቶ በ1901 ድኾች ሕሙማን የሚመረመሩበትና ምክር የሚያገኙበት ጣቢያ ከፈተ። ይሁን እንጂ በሽታው ከመያዙ በፊት ካልተከላከሉት በቀር ድካሙ ማለቂያ እንደሌለው ተረዳ።

ስለዚህ ከእንስሳት ሐኪሙ ከካሚይ ጌሬን ጋር ሆኖ፣ ከ1908 ጀምሮ የከብት ነቀርሳ ባክቴሪያን ከድንች፣ ከበሬ ሐሞትና ከግሊሰሪን በተዘጋጀ ምግብ ላይ ያራባ ጀመር። ባክቴሪያው በዚህ ምግብ ላይ ሲቆይ ኃይሉ እየደከመ ሄደ። ሁለቱ ሊቃውንት በየሦስት ሳምንቱ ወደ አዲስ ምግብ እያዛወሩ፣ በ13 ዓመት ውስጥ 230 ጊዜ ያህል ሥራውን ደጋገሙት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሊል በጀርመን ጦር በተያዘች ጊዜ እንኳ አላቋረጡትም። በመጨረሻም ባክቴሪያው በሽታ ማምጣት ተሳነው፤ ሰውነትን ግን ለመከላከል ያነቃቃ ነበር። ክትባቱ በሁለቱ ሰዎች ስም ቢ.ሲ.ጂ. ተባለ።

በ1921 ፓሪስ ውስጥ እናቱ በነቀርሳ የሞተችበትና ነቀርሳ ከያዛት አያቱ ጋር ይኖር ዘንድ ግድ የሆነበት አንድ ሕፃን፣ ክትባቱን በአፉ ተቀበለ፤ ጉዳትም አልደረሰበትም።

በ1930 ግን በጀርመን አገር በሉቤክ ከተማ ክትባቱን ከተቀበሉት 250 ያህል ሕፃናት 72ቱ ሞቱ። ወቀሳ በካልሜትም ላይ ወረደ። በኋላ ሲመረመር፣ በከተማው ላቦራቶሪ ክትባቱ ከኃይለኛ የነቀርሳ ባክቴሪያ ጋር መቀላቀሉ ተረጋገጠ፤ ጥፋቱ የክትባቱ አልነበረም። ካልሜት በ1933 ፓሪስ ውስጥ በሰባ ዓመቱ ሞተ።

ዛሬ ቢ.ሲ.ጂ. በአገራችንም ጭምር ለጨቅላ ሕፃናት በክንዳቸው ላይ ይሰጣል። ሕፃናትን ከከባዱ ነቀርሳ ይጠብቃል፤ አዋቂዎችን ግን በሚገባ አይከላከልም። በ1943 የተገኘው ስትሬፕቶማይሲንም ብቻውን ሲሰጥ ባክቴሪያው ስለ ለመደው፣ ሐኪሞች ብዙ መድኃኒቶችን በአንድነት ለወራት መስጠት ጀመሩ። ሕመምተኛው ጥቂት ተሽሎት ሕክምናውን ቢያቋርጥ፣ የተረፈው ባክቴሪያ መድኃኒቱን የሚቋቋም ሊሆን ይችላል። በሽታው አሁንም በየዓመቱ ከ1 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ይገድላል። ስለዚህ ካልሜት የጀመረው ሥራ ገና አልተፈጸመም፤ የሚፈጸመውም በሊቃውንት ምርምር ብቻ ሳይሆን በሕመምተኛውና በቤተሰቡ ትዕግሥት ጭምር ነው።