በሰው ፊት የቆመ አገልጋይ፤ የኦነሲሞስ ነሲብ ታሪክ

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ጽሑፍ የምታነበው ምናልባት በአቃቂ ከፋብሪካ ሥራ ወጥተህ፥ ወይም በቃሊቲ ከትምህርት ቤት ተመልሰህ ይሆናል። በልብህ ያለውን እምነት በቤትህ ውስጥ ታውቀዋለህ፤ ነገር ግን ከባልንጀሮችህ ጋር ለምሳ በተቀመጥህ ጊዜ፥ እንጀራውን ሳትቈርስ ራስህን ዝቅ አድርገህ አምላክህን ማመስገን ያሳፍርሃል። ሰው ያየኛል፥ ይሥቅብኛልም ትላለህ። የሐሰት ሚዛን ወይም የሐሰት ደረሰኝ ነገር በተነሣ ጊዜም፥ እኔ ክርስቲያን ነኝና ይህን አላደርግም ለማለት አፍህ ይታሰራል። ይህ ፍርሃት ከንቱ ነው አልልህም። ከባልንጀራ መለየት፥ በአለቃ ዓይን መጠላት፥ መጠቋቈሚያ መሆን በእውነት ያስጨንቃል። ስለዚህ ከዚህ እጅግ የከበደውን የተሸከመ አንድ የአገራችንን ሰው ታሪክ ልነግርህ እወዳለሁ። የምጽፍልህ ዓመታት በፈረንጅ አቈጣጠር ናቸው፤ ከዚህ የተለየ ሲሆን እነግርሃለሁ።

ኦነሲሞስ ነሲብ በ1856 ገደማ በኢሉባቦር አገር በሁሩሙ አጠገብ ተወለደ። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሂካ ነበረ፤ በኦሮምኛ ትርጓሜው አስተርጓሚ ማለት ነው። አራት ዓመት ሲሆነው አባቱ ሞተና ከመበለት እናቱ ጋር ቀረ። በ1869 ባሪያ ፈንጋዮች ነጥቀው ወሰዱት። ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው እየተሸጠ፥ ከምዕራብ ደጋ እስከ ቀይ ባሕር ዳር እስከ ምጽዋ ድረስ ተነዳ። በዚያም በ1870 የስዊስ ተወላጅ የሆነው ሙንዚንገር ነጻ አወጣውና ለስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ትምህርት ቤት ሰጠው። ብላቴናው ለትምህርት እጅግ የሚተጋ ሆነ፤ ማርች 31 ቀን 1872፥ በምዕራባውያን የትንሣኤ በዓል፥ ተጠመቀ፤ ኦነሲሞስም ተባለ።

ይህን ስም እስቲ አስተውለው። በአዲስ ኪዳን ይህ ስም ያለው፥ በአማርኛው መጽሐፍ አናሲሞስ የተባለው ሰው፥ ከጌታው ከፊልሞና ቤት የወጣ ባሪያ ነው፤ ቅዱስ ጳውሎስም እንደ ወንድም ይቀበለው ዘንድ ለፊልሞና ጻፈለት። የስሙ ትርጓሜ በግሪክ ቋንቋ የሚጠቅም ማለት ነው። እንግዲህ ባሪያ የነበረ ሰው፥ ባርነቱን የሚያስረሳ ስም ሳይሆን ባርነቱን የሚያሳስብ ስም ይዞ ዕድሜውን ሁሉ ተጠራበት። በዚያ ዘመን በአገራችን ለሰው ባሪያ ነበረ መባል ከስድብ ሁሉ የከፋ ስድብ ነበረ፤ ዛሬም ቢሆን የሰውን ዘር እያነሣ የሚያንሾካሹክ አይታጣም። አንተ ስለ ድኻ ቤተሰብህ ወይም ስለ አባትህ ሥራ በተጠየቅህ ጊዜ ነገሩን የምታለዝብ ብትሆን፥ ይህ ሰው በስሙ ብቻ ምን ያህል በግልጥ እንደ ተመላለሰ ይገባሃል።

ሚስዮኑ ወደ ስዊድን ላከውና በዮሐንስሉንድ ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ተማረ። ተመልሶም ምሕረት ኃይሉን አገባ። በምጽዋ መምህር ሆኖ በሰላም መኖር ይችል ነበረ፤ እርሱ ግን ወደ ተነጠቀበት አገር ወደ ገዛ ወገኖቹ ሄዶ ወንጌልን መናገር ወደደ። መንገዱም ተዘጋበት። በመጀመሪያ ከባልንጀሮቹ ጋር በሱዳን በኩል ዞሮ ሊገባ ሞከረ፤ ከአሶሳ ማለፍ ግን አልተቻለም። ሲመለሱ ኦነሲሞስ ብርቱ ንዳድ ታመመ፤ በኤፕሪል 1882 ካርቱም በደረሱ ጊዜም የመሐዲ ዐመፅ ይነሣ ነበረ። ሁለተኛው ጕዞ በ1886 ሆነ፤ በዚህም ጊዜ እስከ እንጦጦ ደረሱ። እንጦጦ አንተ ከአቃቂ ሜዳ ቆመህ ወደ ሰሜን ብትመለከት የሚታይህ ተራራ ነው። ምኒልክ በዚያን ጊዜ ገና የሸዋ ንጉሥ ነበሩ፤ ወደ ምዕራብ ማለፍን አልፈቀዱላቸውምና ኦነሲሞስ ያን ሁሉ መንገድ ወደ ባሕር ዳር ተመለሰ።

ደጁ ቢዘጋ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ከምጽዋ አጠገብ በእምኵሉ ሆኖ መጻሕፍትን ወደ ኦሮምኛ ይተረጕም ጀመር። ነገር ግን አንድ ችግር አገኘው። ከእናቱ እቅፍ በልጅነቱ ተነጥቆ በባዕድ ቋንቋዎች መካከል ያደገ ስለ ሆነ፥ የገዛ ቋንቋው ቃልና ለዛ አንሶት ነበረ። በአውሮፓ ለተማረ ሰው ይህን ማመን ቀላል አይደለም። እርሱ ግን ከተማሪዎቹ መካከል ከነበረች ከአንዲት ወጣት ጋር ተቀምጦ መሥራትን አላፈረም። እርስዋም አስቴር ጋኖ ናት፤ በ1886 የኢጣልያ መርከብ ከባሪያ ነጋዶች እጅ አስጥሎ ካመጣቸው ከኦሮሞ ልጆች አንዲቱ። ቃላትን ሰበሰበች፤ አምስት መቶ የሚያህሉ ተረቶች፥ እንቈቅልሾች፥ ምሳሌዎችና ዘፈኖችም ከልብዋ ጻፈች፤ ከእነዚህ ብዙዎቹ በ1894 በታተመው የኦሮምኛ መማሪያ መጽሐፍ ገብተዋል። አዲስ ኪዳን በ1893 በእምኵሉ ታተመ። መላው መጽሐፍ ቅዱስ ተተርጕሞ በ1897 ካለቀ በኋላ፥ ኦነሲሞስ የኅትመቱን ሥራ ይቈጣጠር ዘንድ ወደ ስዊስ አገር ወደ ቅድስት ክሪስኮና ሄደ፤ በ1899ም በግዕዝ ፊደል ታትሞ ወጣ። በመጽሐፉ ፊት ላይ የታተመው የእርሱ ስም ብቻ ነው። በእኔ አሳብ የአስቴርም ስም ሊጻፍበት ይገባ ነበረ።

በሦስተኛው ጊዜ መንገዱ ተከፈተለት። በ1904 በአዲስ አበባ በኩል አልፎ፥ ከዚህች ከተማ ወደ ምዕራብ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ወደምትርቀው ወደ ነቀምቴ ደረሰ። የአገሩ ገዢ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፥ ቀድሞ ኩምሳ ሞረዳ የተባሉት፥ በክብር ተቀበሉት። በዚያ ጊዜ የባሪያ ንግድና ባርነት በአገራችን ገና ነበረ፤ በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1942 ነው። ተሽጦ የነበረው ልጅ ዕድሜው ወደ አምሳ ሲቀርብ መምህር ሆኖ፥ መጽሐፍ ተሸክሞ፥ ባሪያ በሚሸጥበት አገር መካከል በዚያው በባሪያው ስም እየተጠራ ገባ። ትምህርት ቤት ከፈተ፤ አስቴርም አብራ መጥታ ታስተምር ጀመር።

አሁን ከታሪኩ ሁሉ ወደሚከብደው ደረስን፤ ቀስ ብለህ አንብበው።

ኦነሲሞስ የሰበከው በኦሮምኛ ነበረ። አንተ በአቃቂ ገበያ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ጐን ለጐን ትሰማለህና፥ በዚህ ምን ክፋት አለ ትል ይሆናል። ነገር ግን በነቀምቴ የነበሩት ካህናት ቋንቋውን አይሰሙም ነበረ። አንድ ሰው ሕዝብ ሰብስቦ በማያውቁት ቋንቋ ስለ እግዚአብሔር ሲናገር፥ ሕዝቡም ደስ ብሎት ሲሰማው ባዩ ጊዜ ተጠራጠሩ። በዚህ ላይ ልንፈርድባቸው አንቸኵል፤ የማይሰሙትን ነገር መፍራት የሰው ሁሉ ጠባይ ነው፥ ለበጎቻቸውም የሚያስቡ ነበሩባቸው። ድንግል ማርያምን ይነቅፋል የሚል ክስ ተነሣበትና በ1906 በግንቦት ወር ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በአቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረበ። አቡኑም ከአገሩ እንዲሰደድ ፈረዱ። አጼ ምኒልክ ግን ፍርዱን ለወጡት፤ ወደ ነቀምቴ ተመልሶ ይቀመጥ፥ ዳግመኛ ግን አይስበክ አሉ።

አንባቢ ሆይ፥ ይህ ፍርድ ምን ዓይነት ፍርድ እንደ ሆነ አስብ። ቢሰደድ ኖሮ በሌላ አገር አፉን ከፍቶ ይኖር ነበረ፤ ወዳጆቹም ስለ እምነቱ የተሰደደ ብለው ያከብሩት ነበረ። ዝም ብሎ በገዛ ፈቃዱ ወደ እምኵሉ ቢመለስም ማንም አይነቅፈውም፤ ቤትና ሥራ በዚያ ነበረው። እርሱ ግን የተከሰሰበትን ስፍራ መረጠ። የከሰሱት ሰዎች በየዕለቱ በሚያዩት ከተማ፥ ቀድሞ ያስተማራቸው ሰዎች ምን ሆንህ ብለው በሚጠይቁት መንገድ ላይ፥ አንደበቱ ታስሮ ሊኖር ተመለሰ። ከ1906 እስከ 1916 ድረስ ዐሥር ዓመት በዚህ ኖረ፤ በግልጥ ማስተማሩን ቀነሰ፤ ዳግመኛ ክስ ቢነሣበት መሰደድ እንደሚመጣበትም ያውቅ ነበረ።

ብዙ ሰው እምነትን በግልጥ መኖር ማለት ብዙ መናገር ይመስለዋል። በገበያና በባቡር ጣቢያ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚጮኸውን ደፋር፥ ዝም ያለውን ፈሪ እንለዋለን። ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። ከሚጮኹት መካከል ማንም የማያውቀው ሰፈር ሄዶ የሚጮኽ፥ በሚታወቅበት ሰፈር ግን ሐሰተኛ ሚዛን የሚመዝን አለ። ኦነሲሞስ የንጉሠ ነገሥቱን ፍርድ አላፈረሰም፤ ጌታውንም አልካደም። ከሳሾቹን ደስ ለማሰኘት የተረጐመውን መጽሐፍ አልጣለም፤ መጽሐፉ በሰዎች እጅ ነበረ፥ እርሱ ዝም ሲል መጽሐፉ ይናገር ነበረ። ሰው ሁሉ ማን እንደ ሆነና የማን እንደ ሆነ ያውቅ ነበረ፤ ከሳሾቹ እንኳ ስለ ሌላ አልነበረም የከሰሱት። በሰው ፊት መቆም ማለት እንደዚህ ያለ ነገር ይመስለኛል፤ መናገር ሲፈቀድ መናገር፥ ሲከለከል ደግሞ ከሰው ዓይን አለመሸሽ።

አንተም ወደ ሥራህ ስትሄድ እስቲ ይህን በራስህ ላይ መዝነው። በመሥሪያ ቤትህ ስብከት የሚፈቅድልህ የለ ይሆናል፤ ይህ መልካም ሥርዓት ሊሆን ይችላል፥ ለሥራ የተከፈለህን ሰዓት ለሌላ ነገር ማዋል ስርቆት ነውና። ነገር ግን ምግብህን ስታመሰግን ማን ከለከለህ? ከአንተ ጋር የሚሠራው ሰው እምነቱ ሌላ ስለ ሆነ ሲሰደብ፥ ተዉት ማለትን ማን ከለከለህ? ያላየኸውን ዕቃ ተረክቤአለሁ ብለህ እንድትፈርም ስትጠየቅ እምቢ ማለትንስ? በዚያ ጊዜ ጕንጭህ ይግላል፥ ድምፅህም ይንቀጠቀጣል። የኦነሲሞስ ፍርሃት ምን ያህል እንደ ነበረ እርሱ ያውቃል፤ እኛ የምናውቀው ወደ ነቀምቴ መመለሱን ነው።

በ1916 ልጅ ኢያሱ እንዲሰብክ ፈቀዱለት። እርሳቸው በዚያው ዓመት ከሥልጣን ቢወርዱም ፈቃዱ አልተሻረም፤ ዐሥር ዓመት የጠበቀው ሰውም ወደ ስድሳ በሚሆን ዕድሜው እንደገና በኦሮምኛ ይሰብክ፥ የተረጐማቸውንም መጻሕፍት ለሰው ያድል ጀመር። የወለጋ ሰው አባ ገመቺስ እያለ ይጠራው ነበረ። ከዚህ በኋላ ያሉት ዐሥራ አምስት ዓመታት ከፊተኞቹ ጋር ሲተያዩ የጸጥታ ዓመታት ናቸው፤ መምህሩ ያስተምራል፥ ሕዝቡ ይሰማል። በእንጦጦ የተመለሰው፥ በአሶሳ የተመለሰው፥ በአዲስ አበባ የተፈረደበት ሰው በሚፈልገው ስፍራ የሚፈልገውን ሥራ እየሠራ አረጀ።

ጁን 21 ቀን 1931፥ በእኛ አቈጣጠር ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓ.ም.፥ በነቀምቴ ዐረፈ። ዕለቱ እሑድ ነበረ።