ገብረ ክርስቶስ ደስታ፤ በሳይንስና በቀለም መካከል

ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚያወጣው መንገድ ዛሬ የሚመላለስ የኮሌጅ ተማሪ ኮምፒውተርንና ሥዕልን አጣምሮ ለመማር ቢመኝ እንግዳ ነገር አይደለም፤ አንዱን እንዲተው የሚመክረው ዘመድ ግን አያጣም። ገብረ ክርስቶስ ደስታ በዚያው በኮተቤ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በተማረበት ዘመን ምርጫው ራሱ አልነበረም።

ገብረ ክርስቶስ እ.ኤ.አ. በ1932 በሐረር ከተማ ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ ነጎ ብራና ጽፈው በሐረግ የሚያስጌጡ የቤተ ክህነት ሊቅ ነበሩ። ስለዚህ ሕፃኑ ፊደልና ሥዕል ከአንድ እጅ ሲወጡ እያየ አደገ። በኋላ በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት አልፎ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲገባ የያዘው የሳይንስ ትምህርት ነበር። ሥዕል ልማር ቢልስ የት ይማራል? አቶ ዓለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን የከፈቱት በ1950 ዓ.ም. ነውና፣ ገብረ ክርስቶስ ኮሌጅ በነበረበት ጊዜ በአገሪቱ እንዲህ ያለ በር አልተከፈተም። ትምህርቱን ሳይፈጽም ወጣ።

እ.ኤ.አ. በ1957 የምዕራብ ጀርመን የትምህርት ዕድል አግኝቶ ወደ ኮሎኝ ሄደ፤ በ1961 ትምህርቱን አጠናቀቀ። ወደ አገሩ ተመልሶ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ መምህር ሆነ። በ1963 ሥራዎቹን በአዲስ አበባ ሲያሳይ፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የለመደው ተመልካች ከፊሉ ተደነቀ፣ ከፊሉ ተቆጣ። «ጎልጎታ» በተሰኘው ሥዕሉ ስቅለቱ በደም ቀለም ተውጦ የሰውን ገጽ እምብዛም አያሳይም፤ ቁጣው አያስደንቅም። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ተሰጠው።

የሳይንስ ዓመታቱ ባክነው ቀሩ የሚሉ አሉ። እኔ አልቀበለውም። «የጠፈር ባይተዋር» የተባለውን ግጥሙን ያነበበ፣ የሰውን ብቸኝነት በከዋክብት ርቀት የሚለካ አእምሮ ያገኛል፤ ይህን ከቅኔ ቤት ብቻ ያመጣው አይመስለኝም። ግጥሙ ከተለመደው የቤት ልክ ሲወጣም፣ ሥዕሉ ከተለመደው መልክ የወጣበትን መንገድ ይከተላል። ሰውየው አንድ ነው፤ የከፈሉት ክፍሎቹ ናቸው።

ከአብዮቱ በኋላ አገሩን ለቆ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1981፣ ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው፣ በአሜሪካ ኦክላሆማ ግዛት በሎተን ከተማ አረፈ። ግጥሞቹ «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» በሚል ርእስ በመጽሐፍ የተሰበሰቡት ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በጀርመን የቀሩት ሥዕሎቹም ተመልሰው፣ በ2008 በስሙ በተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መዘክር ተሰቀሉ። ሳይንሱን ጥሎ የወጣው ተማሪ ወደ ዩኒቨርሲቲው የተመለሰው በዚህ መልክ ነው።