ፍቅር፣ ማዕረግና ክስ፦ የክሪስቶፈር ማርሎው ሕይወትና ሥራ

መግቢያ

በንግሥት ኤልሳቤጥ ቀዳማዊት ዘመን ከተነሡት የእንግሊዝ ጸሐፌ ተውኔቶች መካከል፣ ፍቅርንና ሥጋዊ ምኞትን በክሪስቶፈር ማርሎው ድፍረት ያቀረቡ ጥቂቶች ናቸው። የኖረው 29 ዓመት ብቻ ሲሆን፣ ስለ ግል ሕይወቱ የሚነገረው አብዛኛው ነገር የመጣው ከከሳሾቹና ከነቃፊዎቹ ነው። ይህ ጽሑፍ የደራሲውን ሕይወት በቅደም ተከተል እየተከተለ፣ ሌሎች ስለ ፍቅሩ የመሰከሩበትና ሥራዎቹ ስለ ፍቅር የሚያሳዩት ለየብቻ ሊመዘኑ እንደሚገባ ያመለክታል። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

ከጫማ ሠሪ ቤት ወደ ካምብሪጅ

ማርሎው በካንተርበሪ ከተማ ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1564 ክርስትና ተነሣ። አባቱ ጆን ማርሎው ጫማ ሠሪ ነበር። በከተማው በሚገኘው ኪንግስ ስኩል ከተማረ በኋላ፣ በሊቀ ጳጳስ ማቲው ፓርከር ስም በተመሠረተ የነጻ ትምህርት ዕድል በካምብሪጅ ኮርፐስ ክሪስቲ ኮሌጅ ገባ። ዕድሉ እስከ ስድስት ዓመት የሚራዘመው ተማሪው ለክህነት የሚዘጋጅ ሲሆን ነበር። የመጀመሪያ ዲግሪውን በ1584 አገኘ። በ1587 ዩኒቨርሲቲው የማስተርስ ዲግሪውን ለመስጠት ሲያመነታ፣ የንግሥቲቱ አማካሪዎች ምክር ቤት ወጣቱ ለዘውዱ መልካም አገልግሎት ማበርከቱን ገልጾ በመጻፉ ዲግሪው ተሰጠው። ማርሎው ግን ወደ ክህነት ሳይሆን ወደ ለንደን የቴአትር መድረክ አመራ።

ለክህነት ይዘጋጃል የተባለው ተማሪ የሮማዊውን ባለቅኔ የኦቪድን የፍቅር ግጥሞች፣ አሞሬስን፣ በሙሉ ወደ እንግሊዝኛ መለሰ፤ ብዙ ሊቃውንት ሥራውን በካምብሪጅ ዘመኑ ያከናወነው እንደሆነ ይገምታሉ። ግጥሞቹ ፍቅርን ከፍ ባለ አምልኮ ሳይሆን በቅናት፣ በማታለል፣ በድካምና በሥጋዊ ደስታ የሚገልጹ ናቸው። ማርሎው ከሞተ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በጁን 1599፣ የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ጆን ዊትጊፍትና የለንደኑ ጳጳስ ሪቻርድ ባንክሮፍት ባወጡት ትእዛዝ ከትርጉሙ የተመረጡ ግጥሞች የታተሙበት መጽሐፍ ከሌሎች ጋር በእሳት ተቃጠለ።

ፍቅርና ማዕረግ በመድረክ

የዘመኑ መድረክ ለሴት ተዋንያን ዝግ ስለነበር፣ የሴቶችን ገጸ ባሕርያት የሚጫወቱት ልጅ ወንዶች ነበሩ። በሕፃናት ተዋንያን የቀረበው ዳይዶ፣ የካርቴጅ ንግሥት የተሰኘው የማርሎው ተውኔት፣ ንግሥቲቱ በኤንያስ ተጥላ ራሷን በእሳት ስታጠፋ ያሳያል። እዚያም ቢሆን ኤንያስን ከፍቅሯ የሚነጥለው የመንግሥት ጥሪ ነው።

ይህ ጭብጥ ጎልቶ የሚወጣው በ1594 በታተመው ኤድዋርድ ዳግማዊ ውስጥ ነው። ማርሎው ታሪኩን በዋናነት ከሆሊንሼድ ዜና መዋዕል ወስዶ፣ ከ1307 እስከ 1327 የቆየውን ዘመነ መንግሥት ንጉሡ ለባለሟሎቹ፣ በተለይም ለጋቬስተን ባለው ፍቅር ዙሪያ አሰባሰበው። መኳንንቱ በጋቬስተን ላይ ሲነሡ፣ ሽማግሌው ሞርቲመር የጥንት ነገሥታትና ጠቢባንም እንዲህ ያሉ ወዳጆች እንደነበሯቸው አስታውሶ ንጉሡ እንዲተው ይመክራል። የወንድሙ ልጅ፣ ወጣቱ ሞርቲመር፣ የሚያስቆጣው የንጉሡ ፍቅር እንዳልሆነ ይመልሳል፤ ቁጣው ዝቅተኛ ትውልድ ያለው ሰው በንጉሡ ሞገስ ከብሮ የአገሩን ሀብት ሲበትን፣ ወታደሩ ደመወዝ አጥቶ መቅረቱ ነው። ስለዚህ በተውኔቱ ፍቅሩ ወንጀል ሆኖ የሚታየው የማዕረግን ሥርዓት ሲያናጋ ነው። የተገፋችው ንግሥት ኢዛቤላ ከሞርቲመር ጋር የምትመሠርተው ግንኙነትም ከዙፋን ሽሚያ የተለየ አይደለም።

ይህን ለመረዳት የዘመኑን ሕግ ማየት ያሻል። በ1533 የወጣውና በ1563 ዳግም የጸናው ሕግ ግብረ ሰዶምን በሞት ይቀጣ ነበር። በአንጻሩ በወንዶች ወዳጅነት መካከል መተቃቀፍ፣ አንድ አልጋ መጋራትና በጋለ ቃል መጻጻፍ የክብር ምልክቶች ነበሩ። የታሪክ ምሁሩ አለን ብሬይ በ1990 ባሳተመው ጥናት እንዳመለከተው፣ የተከበረውን ወዳጅነት ከወንጀሉ የሚለየው መስመር ቀጭን ነበር፤ ወዳጆቹ በማዕረግ ሲበላለጡ ጥርጣሬው ይነሣ ነበር። ኤድዋርድ ዳግማዊ የቆመው በዚሁ መስመር ላይ ነው።

በ1598 ለኅትመት የበቃው ሂሮ እና ሊያንደር ግን ከቤተ መንግሥት ይርቃል። በሄሌስፖንት ባሕር ወዲያና ወዲህ የሚኖሩ የሁለት ወጣቶች ፍቅር በ818 ስንኞች ይተረካል። የወንዱ ውበት ከሴቷ ባላነሰ ዝርዝር ይሣላል፤ የባሕሩ አምላክ ኔፕቱን እንኳ ዋናተኛውን ወጣት ተመኝቶ ያባብለዋል። የማርሎው ክፍል በፍቅረኞቹ የመጀመሪያ ሌሊት ማለዳ ያበቃል፤ መጨረሻቸውን፣ ሞታቸውን፣ የጻፈው ጆርጅ ቻፕማን ነው።

ክሱና ሞቱ

በሜይ 1593 ጸሐፌ ተውኔት ቶማስ ኪድ ተይዞ ክፍሉ ሲበረበር የመናፍቅነት ጽሑፍ ተገኘበት። ኪድ ጽሑፉ ቀድሞ አብሮት በአንድ ክፍል ይሠራ የነበረው የማርሎው ነው አለ። ማርሎው ተጠርቶ በየዕለቱ ለምክር ቤቱ እንዲቀርብ ታዘዘ። ሪቻርድ ቤይንስ የተባለ ሰላይም ማርሎውን በክህደትና ወንዶች ልጆችን ስለመውደድ በተናገረው ቀልድ ወነጀለው። ቤይንስና ማርሎው በ1592 በፍለሺንግ ከተማ ሐሰተኛ ገንዘብ በመሥራት እርስ በርስ የተካሰሱ ባላንጣዎች ነበሩ። ኪድም ስለ ማርሎው የጻፋቸውን ደብዳቤዎች ያዘጋጀው ከሥቃይ ምርመራ በኋላ፣ ማርሎውም ከሞተ በኋላ፣ ራሱን ነጻ ለማውጣት ነው።

ሜይ 30 ቀን 1593 ማርሎው በዴትፎርድ በኢንግራም ፍራይዘር እጅ ተወግቶ ሞተ። ፍራንሲስ ሚርስ በ1598 ገዳዩ የፍቅር ተቀናቃኙ የሆነ አሽከር እንደነበር ጻፈ፤ ወሬውም የኃጢአት ቅጣት ምሳሌ ሆኖ ቆየ። ሌስሊ ሆትሰን በ1925 ያሳተመው የአስከሬን ምርመራ ሰነድ ግን ጠቡ የተነሣው በምግብና መጠጥ ሒሳብ ክፍያ እንደሆነ ይገልጻል። በቤቱ ከነበሩት አንዱ፣ ሮበርት ፖሊ፣ የመንግሥት ሰላይ ስለነበር ይህም ሰነድ ከጥያቄ አላመለጠም። በሰነዱ ውስጥ ግን የፍቅር ተቀናቃኝ የለም።

ማጠቃለያ

ስለ ማርሎው ፍቅር የቀሩት ምስክርነቶች የባላንጣ፣ የተሠቃየ እስረኛና የግብረ ገብ ጸሐፊ ቃሎች ናቸው። በእነሱ ላይ ተመሥርቶ የደራሲውን ማንነት መደምደም፣ ከዚያም ሥራዎቹን በዚያው መደምደሚያ ማንበብ ክሱን እንደ ፍርድ መቀበል ይሆናል። ሥራዎቹ የሰውየውን ምስጢር አይገልጡም፤ ነገር ግን ማን ማንን እንዲወድ እንደሚፈቀድና ፈቃዱን የሚሰጠው ማን እንደሆነ ይጠይቃሉ። ተመራማሪው ከክስ መዝገቡ ይልቅ ይህን ጥያቄ ቢከተል ወደ ዘመኑ ይበልጥ ይቀርባል።